ዩሪክ አሲድ ከፍ ሲል ጥፋተኛው ሽሮ ነው እንዴ?



ዛሬ የምጽፈው በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ጉዳይ ነው፤ ስለ ዩሪክ አሲድ። መልእክቶቹ ይመሳሰላሉ። "ዶክተር፣ ተመርምሬ ዩሪክ አሲድ 7.9 ነው አሉኝ፤ ምን ልተው?" ጥያቄው ሁልጊዜ "ምን ልተው?" ነው። እኔ መልስ እስክሰጥ ድረስ ደግሞ አብዛኞቻችሁ ሽሮውን ትታችሁ ትቆዩኛላችሁ።

ወደ ማብራሪያው ከመግባቴ በፊት አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

በዐቢይ ጾም መሀል ነው። እዚህ ግምጃ ቤት አንድ ስድሳዎቹን ያለፉ አባት በልጃቸው ተደግፈው፣ አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸው ነጠላ ጫማ አድርገው መጡ። የላብራቶሪ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይዘዋል። ዩሪክ አሲድ 8.4 ይላል። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ቀልቷል፣ አብጧል፤ ስነካው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"አባቴ፣ ከዚህ በፊት ታክመዋል?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ስንቴ! ሪህ ነው ብለውኛል። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሥጋ እንዳትነካ ተብያለሁ። ሽሮ ከተውኩ አራት ወሬ ነው። አሁንስ ምን ቀረኝ? ውሃ ነው እንዴ የምተወው?"

ታዲያ በጾም ምን እየበሉ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እንጀራ በበርበሬ፣ ቅቅል ድንች፣ ብዙ ሻይ። ሻዩ ስንት ማንኪያ ስኳር ነው? ሦስት። በቀን ስንት ብርጭቆ? አምስትም ስድስትም። ማታ ማታስ? ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸውና "ለብርዱ ብለው ትንሽ አረቄ አይተዉም" አለ። እሳቸውም አልካዱም። "አረቄ የጾም ነው፤ ማን ከለከለኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አረቄውን ማንም አልከለከላቸውም።

የደም ግፊታቸው 170 በ100 ነበር። የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ሕመሙ ሲብስባቸው ደግሞ የዳይክሎፌናክ መርፌ ይወጋሉ፤ በአራት ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተወጉ ቆጥረው መጨረስ አልቻሉም። የኩላሊት ምርመራ አዘዝኩላቸው፤ ክሪያቲኒናቸው ከፍ ብሏል። ማለትም ኩላሊታቸው መጎዳት ጀምሯል።

አያችሁ? ሰውዬው የታዘዙትን በትክክል ፈጽመዋል። ሽሮውን ትተዋል፣ ከስተዋል፣ ተርበዋል። ቁጥሩ ግን አልወረደም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተማሪ እያለሁ "ሪህ ካለብዎት ጥራጥሬ ይተዉ" የሚለውን ምክር እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤ ስንቱን ሰው መክሬያለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ይቅርታም ቁጠሩልኝ።

ዩሪክ አሲድ ምንድን ነው?

በሰውነታችን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ ፑሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ፑሪን የዘረመላችን አንዱ መሥሪያ ነው፤ ሕዋሳት ጉልበት የሚያከማቹበት ኤቲፒም የሚሠራው ከእሱ ነው። ሕዋስ ሲያረጅና ሲፈርስ ፑሪኑም ይፈርሳል፤ የመጨረሻው ዝቃጭ ዩሪክ አሲድ ነው። ስለዚህ ዩሪክ አሲድ ከውጭ የመጣ መርዝ አይደለም። ምንም ባንበላም እንኳ እንሠራዋለን።

ይህን በደንብ ያዙልኝ፦ በሰውነታችን ከሚገኘው ዩሪክ አሲድ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነው፤ ከምግብ የሚመጣው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። ሲወጣ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው በኩላሊት በኩል በሽንት፣ የቀረው በአንጀት በኩል ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ብዙ መመገባቸው ሳይሆን ኩላሊታቸው በበቂ ሁኔታ አለማስወገዱ ነው።

ብዙ እንስሳት ዩሪክ አሲድን ሰባብሮ ቀላል ወደ ሆነ ነገር የሚቀይር ኢንዛይም አላቸው። ጥር 23 በአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ የምናያቸው ፈረሶች ይህ ኢንዛይም አላቸው፤ ላያቸው ላይ የተቀመጠው ፈረሰኛ ግን የለውም። እኛ ሰዎችና የቅርብ ዘመዶቻችን የሆኑት ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ከሚሊዮን ዓመታት በፊት አጥተነዋል። ስለዚህ የኛ መጠን ከሌሎች እንስሳት ከፍ ያለ ነው፤ ትንሽ ከተጨመረበት ደግሞ ይሞላል።

ሲሞላ ምን ይሆናል? ጨው በውሃ ስታሟሙ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ይሟሟል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ሥሩ ይዘቅጣል። ዩሪክ አሲድም በደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካለፈ ክሪስታል ሆኖ መዝቀጥ ይችላል። የሚዘቅጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ባለው የሰውነት ክፍል ነው፤ የእግር አውራ ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት። የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት እነዚህን ክሪስታሎች እንደ ጠላት ቆጥረው ሲዘምቱባቸው ነው ያ ሌሊት የሚያስጮኸው ሕመም የሚነሳው። ሪህ የሚባለው ይህ ነው።

በላብራቶሪ ወረቀት ላይ ለወንድ እስከ 7 ገደማ፣ ለሴት እስከ 6 ገደማ እንደ ጤናማ ይጻፋል፤ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ትንሽ ይለያያል። ሴቶች የወር አበባ እስኪቆም ድረስ ሆርሞናቸው ዩሪክ አሲድን ስለሚያስወጣላቸው ይጠበቃሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ወንዶቹ ይጠጋሉ።

መገጣጠሚያ ያመመው ሁሉ ሪህ አለበት?

የለበትም። በአገራችን "ሪህ" የሚለው ቃል ብዙ ሸክም ተሸክሟል። ዕድሜ ልኩን ሲያርስ የኖረ ሰው ጉልበቱ ሲያልቅ "ሪህ"፤ ጠዋት ጠዋት የእጇ ጣቶች የሚደርቁባት እናት "ሪህ"፤ ወገብ የያዘው ሁሉ "ሪህ"። እነዚህ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

እውነተኛው ሪህ ጠባዩ እንዲህ ነው፦

👉 በድንገት ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት።
👉 አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መገጣጠሚያ፣ በተለይ በእግር አውራ ጣት ይጀምራል።
👉 ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይቻልም።
👉 ባይታከም እንኳ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ከዚያ ሌላ ቀን ይመለሳል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ሪህ አይዛቸውም። ሁለተኛ፣ ሪህ በተነሳበት ሰዓት ስትመረመሩ ቁጥሩ ጤናማ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ብቻውን ሪህ አለ ወይም የለም አይልም። እርግጠኛው ምርመራ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ቀድቶ ክሪስታሉን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ፣ ግሎ፣ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ "ሪህ ነው፣ ያልፋል" ብላችሁ ቤት አትተኙ። በባክቴሪያ የተበከለ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ያበላሻል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል!

ወደ ሽሮው እንመለስ

ሽሮ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ ፑሪን አላቸው? አዎ፣ መጠነኛ ፑሪን አላቸው። ክልከላውም የመጣው ከዚህ ነው፦ "ፑሪን አለው፣ ስለዚህ ሪህ ያመጣል።" በወረቀት ላይ ያሳምናል። ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ሲታይ ግን እንደዚያ ሆኖ አልተገኘም።

በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ47 ሺህ በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመት ተከታትሎ ማን ሪህ እንደያዘው አየ። ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያዘወትሩት የበለጠ ተይዘዋል። ፑሪን ያላቸውን አትክልትና ጥራጥሬ የሚበሉት ግን ከሌላው የበለጠ አልተያዙም። ቅባቱ የተቀነሰ ወተትና የወተት ተዋጽኦ የሚጠቀሙት እንዲያውም ያነሰ ነው የተያዙት። በሲንጋፖር በተደረገ ሌላ ትልቅ ክትትልም ጥራጥሬ የሚበሉት ሰዎች ያነሰ ሪህ ነው የታየባቸው።

አሁን ይህን ወደኛ ቤት አምጡት። አንድ ኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። የፕሮቲን ምንጩ ሽሮና ምስር ነው። እሱንም ከከለከልነው ምን ቀረው? እንጀራ፣ ድንች፣ ስኳር ያለው ሻይ። ጡንቻው ይመነምናል፤ ርሃቡን በስኳርና በስታርች ይሞላል። ይህ ደግሞ እንደምታዩት ዩሪክ አሲድን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስለዚህ ሽሮአችሁን ብሉ። የኩላሊት በሽታው ለገፋበት ሰው ግን የፕሮቲን መጠን ለብቻው የሚወሰን ነገር ስለሆነ ሐኪሙን ያማክር።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?

1. አልኮል። ጠላ፣ ቢራ፣ አረቄ፣ ጠጅ። አልኮል በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ጉበት ውስጥ የዩሪክ አሲድ ምርትን ይጨምራል፣ ኩላሊት ደግሞ እንዳያስወጣ ያግዳል። ቢራ ከሁሉ የባሰው ነው፤ ከአልኮሉ ሌላ የራሱ ፑሪን አለው። ጠላም ከነእርሾው ስለሚጠጣ ከቢራ ለይቼ አላየውም። ጠጅ ደግሞ አልኮሉ ከማሩ ጣፋጭ ጋር ነው። "አረቄ ከእህል ነው፣ ይሞቃል፣ ለሪህ ጥሩ ነው" የሚባለውን እርሱት። አረቄ የሚሞቀው ለጊዜው ነው፤ የሚያቃጥለው ግን ሌሊት አውራ ጣታችሁን ነው።

2. ስኳርና ለስላሳ መጠጥ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ስኳር ፑሪን የለውማ! ነገሩ እንዲህ ነው። የምንጠቀመው ስኳር ግማሹ ፍሩክቶስ የሚባል ጣፋጭ ነው። ጉበት ፍሩክቶስን ሲያስተናግድ ኤቲፒን በአንድ ጊዜ ብዙ ያጠፋል፤ የጠፋው ኤቲፒ ፈርሶ ዩሪክ አሲድ ይሆናል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ለስላሳ የሚጠጡ ወንዶች፣ በወር አንድ እንኳ ከማይጠጡት ጋር ሲነጻጸሩ በሪህ የመያዝ ዕድላቸው በ85 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። ያ አባት በቀን 15 ማንኪያ ስኳር በሻይ ይወስዱ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም።

ማርስ? ማርም ፍሩክቶስ አለው። በትንሹ ምግብ ነው፤ "መድኃኒት ነው" ተብሎ በብርጭቆ ሲጠጣ ግን ያው ስኳር ነው።

3. ሥጋ፣ በተለይ የሆድ ዕቃ። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ዱለት በፑሪን የታወቁ ናቸው። ቀይ ሥጋም በብዛት ሲበላ ያው ነው። ሁለት ወር ጾሞ በፋሲካ ማግሥት ሦስት ቀን ሙሉ ጥሬ ሥጋ፣ ዱለትና ጠላ! ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት እያነከሰ የሚመጣ ሰው ሳይ አይገርመኝም።

4. ቦርጭ። ሆድ አካባቢ ስብ ሲጠራቀም ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ታዛዥነት ይቀንሳል፤ ቆሽትም ለማካካስ ብዙ ኢንሱሊን ያመነጫል። ይህ የበዛ ኢንሱሊን ኩላሊትን "ዩሪክ አሲዱን አታስወጣ፣ ያዘው" ይለዋል፤ ጨውንም አብሮ ያስይዛል። ስለዚህ ዩሪክ አሲድ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታና የጉበት ስብ በአንድ ሰው ላይ ተያይዘው የሚመጡት በአጋጣሚ አይደለም።

5. መድኃኒቶች። ሽንት የሚያበዙ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ላሲክስ)፣ በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን፣ ከቲቢ መድኃኒቶች ደግሞ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋሉ። አደራ! ይህን አንብባችሁ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ። ቲቢን አቋርጦ ከመሞት፣ ግፊትን ትቶ ስትሮክ ከመመታት ሪህ ይሻላል። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ብዙ ጊዜ አማራጭ አለ። ለምሳሌ ሎሳርታን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ዩሪክ አሲድንም በመጠኑ ይቀንሳል።

6. የኩላሊት ድካምና የውሃ እጥረት። ውሃ ሳይጠጡ በፀሐይ መዋል፣ በጾም ከማፍረሻ ሰዓት በኋላም በቂ ውሃ አለመጠጣት ይጨምረዋል። ጾማችሁን ስትፈቱ ከሻይና ከጠላ በፊት ውሃ ይቅደም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ምክር ከሁሉም በላይ ይያዝ።

ከዚህ በተጨማሪ ዘርም ድርሻ አለው። አባቱ ሪህ የነበረበት ሰው ከሌላው ቀድሞ ይጠንቀቅ።

ዩሪክ አሲድ ጥፋተኛ ነው ወይስ ምስክር?

ይህ ጥያቄ ሐኪሞችንም ሲያከራክር የኖረ ነው። ዩሪክ አሲድ ከፍ ያለበት ሰው ግፊት፣ ስኳር፣ የልብና የኩላሊት በሽታ ይበዛበታል። ይህ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች "በመድኃኒት ብናወርደው ልብንና ኩላሊትን እናድን ይሆናል" ብለው ተስፋ አደረጉ። ተሞከረ። በ2020 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥናቶች አሎፑሪኖል የኩላሊት መድከምን ያዘገይ እንደሆነ ፈተሹ፤ ዩሪክ አሲዱ ወረደ፣ ኩላሊቱ ግን መድከሙን ቀጠለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሪህ የሌለባቸው 5,721 የልብ ሕሙማን ላይ ተሞከረ፤ አሎፑሪኖል የወሰዱትና ያልወሰዱት በልብ ድካም፣ በስትሮክም ሆነ በሞት ልዩነት አላሳዩም።

እኔ ለታካሚዎቼ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ ሌሊት ውሻ ሲጮህ ውሻውን ብትመቱት ዝም ይላል፤ ሌባው ግን አጥር ዘልሎ ይገባል። ዩሪክ አሲድ የሚጮኸው ውሻ ነው። ስለዚህ ወጥታችሁ አጥሩን እዩ።

ሕመም ሳይኖራችሁ በምርመራ ብቻ "ዩሪክ አሲድ ከፍ ብሏል" ከተባላችሁ ብዙውን ጊዜ መድኃኒት አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ እነዚህን አራት ነገሮች መለካት ነው፦

✅ የደም ግፊት። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲለካም ከተደገመ ሕክምና ይፈልጋል።
✅ የደም ስኳር። ምግብ ሳይበላ 126 እና ከዚያ በላይ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ደግሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ከ100 እስከ 125 ደግሞ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው።
✅ ክሪያቲኒን፣ ከሽንት ምርመራ ጋር። የኩላሊትን ሁኔታ ይነግራል።
✅ የወገብ ዙሪያ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ቦርጩ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

በወረቀታችሁ ላይ ከተጻፈው 7.9 ይልቅ እነዚህ አራቱ ናቸው ስለ ነገው ጤናችሁ የሚነግሩኝ።

እውነተኛ ሪህ ያለበት ሰውስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይለያል፤ ሪህ ካለ መታከም አለበት። በአመጋገብ ብቻ የሚወርደው ብዙ ጊዜ 1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ገደማ ነው፤ ከ9 ተነስታችሁ በምግብ ብቻ ከ6 በታች አትገቡም። ስለዚህ መድኃኒት የጀመረ ሰው "በምግብ መቆጣጠር አቅቶኝ ነው" ብሎ አይፈር።

ሕመሙ ሲነሳ፦ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያዙበት። በሙቅ አትዘፍዝፉ፣ አትሹት፣ ዋግምት አታስወጉበት። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። እንደየሰዉ ሁኔታ ኮልቺሲን፣ ፀረ ብግነት ክኒን ወይም ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት ይታዘዛል። የትኛው እንደሚሻል የሚወሰነው በኩላሊት፣ በጨጓራ፣ በግፊትና በስኳር ሁኔታችሁ ነው።

ዳይክሎፌናክን በተመለከተ ልለምናችሁ። "መርፌ ያሽራል" ብለን ባመመን ቁጥር እንወጋለን። ይህ መድኃኒት ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ግፊትን ያባብሳል፣ ጨጓራን ያደማል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደግሞ አደጋው ይደረባል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዩሪክ አሲዱን ማስወጣት ስለማይችል ሪሁ ይብስበታል፤ ሪሁ ሲብስ እንደገና ይወጋል። ክቡ ይህ ነው። ያ አባት ውስጡ ነበሩ።

ለዘለቄታው፦ በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ የሚነሳበት፣ መገጣጠሚያው ላይ ጉብታ ያወጣ ወይም በኤክስሬይ ጉዳት የታየበት ሰው ዩሪክ አሲዱን የሚያወርድ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በብዛት የምንጠቀመው አሎፑሪኖል ነው። ከዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል፤ ግቡ ከ6 በታች ማድረስና እዚያው ማቆየት ነው። ሦስት ነገር እወቁ፦

👉 በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ሊነሳ ይችላል። ይህ የተጠራቀመው ክሪስታል መሟሟት መጀመሩ ነው፤ "አባባሰብኝ" ብላችሁ አታቋርጡ። ሐኪሙ ለዚያ ጊዜ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት አብሮ ይሰጣችኋል።
👉 ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ አታቁሙ። ስታቆሙ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።
👉 ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል ወይም ትኩሳት ከታየ መድኃኒቱን ወዲያው አቁማችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም አደገኛ አለርጂ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሳችሁ አትዋጡ።

በአጭሩ ምን ልብላ፣ ምን ልተው?

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ፦ ብሉ።
ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ፍራፍሬ፦ ብሉ። ፍራፍሬውን ጨምቃችሁ ስኳር ጨምራችሁበት ሳይሆን እንዳለ።
ወተትና እርጎ በፍስክ፦ ጥሩ ነው፤ ቅባቱ የተቀነሰ ቢሆን ይመረጣል። አሬራ አትናቁ።
ቡና፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ቡና የሚጠጡ ሰዎች ያነሰ ሪህ ነው የሚታይባቸው። ስኳሩን ቀንሱ።
ሥጋ፦ በልክ። የሆድ ዕቃና ዱለት ሪህ ላለበት ሰው ቢቀር ይሻላል።
ለስላሳ፣ የታሸገ ጭማቂ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፦ ቀንሱ፣ ከቻላችሁ ተዉት።
ጠላ፣ ቢራ፣ አረቄ፣ ጠጅ፦ ሪህ ያለበት ሰው ይተው። ለበዓል ብቻ ነው ብላችሁ በአንድ ቀን የዓመቱን አትጠጡ።
ሎሚ በሙቅ ውሃ፦ ውሃው ይጠቅማችኋል። የሪህ መድኃኒትን ግን አይተካም።

ክብደት ስትቀንሱም በቀስታ ይሁን። ራስን በማስራብ በአንድ ጊዜ መክሳት ዩሪክ አሲድን ከፍ አድርጎ ሪህ ሊያስነሳ ይችላል።

እኒያ አባት ምን ሆኑ?

መርፌውን አቆምን። የግፊት መድኃኒታቸውን ቀየርንላቸው። ለሕመሙ ለኩላሊታቸው የሚስማማ ሌላ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ሰጠናቸው፤ ሲረጋጋ አሎፑሪኖል በዝቅተኛ መጠን ጀመርን። ስለ ሻዩ ስኳር ብዙ ተከራከርን፤ ወደ አንድ ማንኪያ ወረዱ። አረቄው ላይ ክርክሩ የከፋ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ልጃቸው ጣልቃ ገባ። ሽሮውን ግን በዚያው ቀን መለስኩላቸው። "የእውነትህን ነው ልጄ? ዛሬ ማታ?" አሉኝ። "ዛሬ ማታ" አልኳቸው።

ሐምሌ ላይ ለክትትል ሲመጡ በሁለት እግራቸው ጫማ አድርገው ነበር። ዩሪክ አሲዳቸው 6.1፣ ግፊታቸው 134 በ82። የኩላሊታቸው ቁጥር ተሻሽሏል፤ ወደ ነበረበት ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ያ የቀረው ጉዳት ያሳዝነኛል። የመጣው ከሪሁ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ሽሮው ላይ ተጠምደን ግፊታቸውን፣ መርፌውንና ብርጭቆውን ሳናይ ካሳለፍናቸው አራት ወራትም ጭምር ነው።

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ "ሪህ አለብኝ" ብሎ ሽሮ የተወ አባት ወይም እናት ካለች ዛሬ ሁለት ነገር አድርጉ። ግፊታቸውን አስለኩ፤ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ የሕመም መርፌ እንደወሰዱ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ሐኪም ይዛችኋቸው ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የግል ምርመራንና ሕክምናን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ ጊዜ ሳገኝ እመልሳለሁ። ለሚጠቅመው ሰው አጋሩት።

ጤናችሁ ይብዛ!